የጎልፍ ከፍተኛ ሊግ፦ ደመወዝ የሌለው ፕሮፌሽናል

[ምስል፦ ጠዋት፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር። አባ ኮዳዎች ከዓሣ አጥማጆቹ አጠገብ ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ጎልፍ ነው። ቆይ፣ አትዝጉት!

ሐዋሳ ቁጭ ብሎ ጎልፍ ምን አገባው የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ብሆን የጎልፍ ዱላ ጨብጬ አላውቅም። ያጠመደኝ ጨዋታው ሳይሆን ሒሳቡ ነው።

ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲያነሳ የነበረውን ጭፈራ የምታስታውሱ አላችሁ። ከፕሪሚየር ሊጉ ሥር ደግሞ ከፍተኛ ሊግ አለ። እዚያ ያለ ሁሉ ዓይኑ ወደ ላይ ነው። የአሜሪካ ጎልፍም እንደዚያው ነው። ላይ ያለው ፒጂኤ ቱር ይባላል። ከሥሩ ያለው ኮርን ፌሪ ቱር ነው።

የሥሩ ቱር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ቤን ሆጋን ቱር ይባል ነበር። ከዚያ ናይኪ ሆነ፣ በኋላ ኔሽንዋይድ ሆነ፣ ሌላም ሌላም። ኮርን ፌሪ የሆነው በ2019 ነው። ስፖንሰር በተቀየረ ቁጥር ስሙን እንደ ማሊያ ይቀያይራል።

እስከዚህ ኳስ ይመስላል። ከዚህ በኋላ ግን አይመስልም።

[ምስል፦ ባጃጅ ተራ። አንድ ሹፌር ብር ይቆጥራል።]

የእግር ኳስ ተጫዋች ተቀያሪ ወንበር ላይ ቢውልም ደመወዙ አለ። አውቶቡሱን ክለቡ ይከፍላል፣ ሆቴሉንም ክለቡ። ጎልፈኛ ክለብ የለውም። የአውሮፕላን ትኬቱን ራሱ ይቆርጣል። ዱላውን የሚሸከምለትና የሚያማክረው ሰው አለ፤ ካዲ ይባላል። የካዲው የሳምንት ሒሳብም ከእሱ ኪስ ነው። ያሸነፈ ጊዜ ደግሞ ካዲው ከሽልማቱ ፐርሰንት አለው።

ይህን ለሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ስነግረው ሳቀብኝ። «ይሄማ እኔ ነኝ» አለ። «ጠዋት ስወጣ የባለቤቱ ገቢ አለብኝ፣ ነዳጅ አለብኝ። የእኔ ቀን የሚጀምረው እነሱ ከሞሉ በኋላ ነው።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላገኘሁም። ልዩነቱ ባጃጅ ነጂው ቢያንስ የጫነውን ሰው ሒሳብ መቀበሉ ነው። ጎልፈኛው ሁለት ቀን ሙሉ ሠርቶ ዜሮ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

እንዴት? አንድ ውድድር 4 ቀን ነው። በቀን 18 ጉድጓድ፣ ጠቅላላ 72። ኳሷን በትንሽ ምት ያስገባ ይመራል። ብዙ ጊዜ 156 ሰው ይጀምራል። ከሁለተኛው ቀን በኋላ ካት የሚባል ነገር ይመጣል። ከላይ 65 ሰው፣ ከ65ኛው ጋር እኩል የሆኑትም ተጨምረው ያልፋሉ። የቀሩት ሻንጣቸውን ያስራሉ። ክፍያ? የለም።

ለምሳሌ ካቱ 139 ምት ላይ ቆመ እንበል። አንተ 140 መታህ። ከ140 አንዷ ናት ያስቀረችህ። የቷ እንደሆነች ደግሞ በደንብ ታውቃታለህ፤ ሌሊት እንቅልፍ የምትነሳህ እሷ ናት።

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ማኪያቶ። እጅ ሳህኗን በሜትር ይለካል።]

የጎልፍ ጉድጓድ ስፋቱ 10.8 ሴንቲ ሜትር ነው። ትናንት ካፌ ቁጭ ብዬ ከማኪያቶ ሲኒዬ ሥር ያለችውን ሳህን ለካሁ። አስተናጋጇ ታየኛለች፣ እኔ እለካለሁ። 12 ሆነች። ጉድጓዱ ከሳህኗም ያንሳል ማለት ነው። ኳሷ ደግሞ ትንሽ ሎሚ ታክላለች፣ 4.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ሎሚዋን ከሁለት ሜትር ላይ ገፍቶ ሳህኗ ውስጥ መጨመር ነው ሥራው። እናንተም ቤት ሞክሩት። ከዚያ የዚያ ወር የቤት ኪራይ እሷ ላይ ተንጠልጥሏል ብላችሁ ድገሙት።

ወደ ብሩ እንመለስ። የመደበኛው ውድድር ጠቅላላ ሽልማት 1 ሚሊዮን ዶላር ነው። አንደኛው 18 ፐርሰንቱን ይወስዳል፣ 180 ሺህ ዶላር። ካቱን አልፎ መጨረሻ የወጣው የሚያገኘው ጥቂት ሺህ ዶላር ነው። ትኬት፣ ሆቴል፣ ካዲ ሲቀነስ ምን እንደሚተርፈው እናንተው አስሉት።

[ምስል፦ ካርታ። ቀይ መስመር ከባሃማስ ወደ ደቡብ አሜሪካ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ።]

ዓመቱ በጃንዋሪ ባሃማስ ደሴቶች ላይ ይጀምራል። ፎቶው ሽርሽር ይመስላል። ነፋሱ ግን ቀልድ አያውቅም። ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ ዳር ሶፍት ወረቀት ከእጃችሁ የሚነጥቀውን ነፋስ ታውቁታላችሁ? እሱን አባዙት። በ2017 ግሬት ኤግዙማ ደሴት ላይ ካቱ ከፓር 11 ምት በላይ ሆኖ ነበር። ፓር ማለት ሜዳው ከጥሩ ተጫዋች የሚጠብቀው የምት ቁጥር ነው። ፕሮፌሽናሎች በሁለት ቀን 11 ምት አባክነው «እሰይ፣ አለፍን» አሉ።

ከዚያ ቦጎታ። ይቺን እወዳታለሁ። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐዋሳ 1,700 አካባቢ ነው። ቀጭን አየር ሯጭን ምን እንደሚያደርግ እኛ ሀገር ማንም አይነግረንም። ኳስ ግን ሳንባ የላትም። አየሩ ሲሳሳ የሚገታት ነገር ይቀንሳል፣ ርቃ ትበራለች። በፌብሩዋሪ 2024 ቺሊያዊው ክሪስቶባል ዴል ሶላር እዚያ በአንድ ቀን 57 ምት ብቻ መታ። ፓሩ 70 ነው! በፒጂኤ ቱር ሥር ባሉ ውድድሮች ከዚያ በፊት 57 የመታ አልነበረም። ይገርማችኋል፣ ውድድሩን ያሸነፈው ግን ሌላ ሰው ነው። አንድ ቀን ተአምር መሥራት አይበቃም፤ የቀሩት ሦስት ቀናትም ይቆጠራሉ።

ወቅቱ በኦክቶበር ኢንዲያና ላይ ያልቃል። ማሸነፍ ነጥብ አለው፣ በመደበኛ ውድድር 500። ዓመቱ ሲዘጋ የነጥብ ሰንጠረዡ ከላይ ይቆረጣል። ከ2025 ጀምሮ የሚያልፉት 20 ናቸው፤ ከዚያ በፊት 30 ነበሩ። እነዚህ የፒጂኤ ቱር ካርድ ያገኛሉ። ካርድ ስል የመግቢያ መብት ማለቴ ነው። አቋራጭም አለ፦ በአንድ ዓመት ሦስቴ ያሸነፈ መጨረሻውን ሳይጠብቅ ወዲያው ያድጋል።

ስኮቲ ሼፍለርን ሰምታችሁ ይሆናል። በ2019 እዚህ ታች ነበር፤ ሁለት ውድድር አሸንፎ የዓመቱ ኮከብ ተባለ። በ2022 የዓለም አንደኛ ሆነ፣ በዚያው የጸደይ ወቅት ማስተርስ የሚባለውን ትልቅ ውድድር ወሰደ። ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ሁሌ የሚወራው የእሱ ነው፣ መወራቱም አይገርምም።

ባጃጅ ነጂው ጓደኛዬ ግን ስለ ሼፍለር አልጠየቀኝም።

«21ኛ የወጣውስ?» አለኝ።

21ኛው በዓመቱ ጥሩ ብር ሠርቶ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ግን የለም። በዲሴምበር ፍሎሪዳ ላይ ኪው ስኩል የሚሉት የማጣሪያ ፈተና አለ። እሱም 4 ቀን፣ እሱም 72 ጉድጓድ። ከላይ 5 ሰው ብቻ በቀጥታ ያልፋል።

«ካላለፈስ?»

ጃንዋሪ፣ ባሃማስ።

«ትኬቱን ማን ይቆርጥለታል?»

ራሱ አልኩት። ሞተሩን አስነሳ፣ መናኸሪያ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር።