ሶፋ ላይ ተቀምጠን የፈረድንባት እናት

እንደምን አመሻችሁ፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ። ከሥራ ወጥታችሁ አረፍ ሳትሉ እዚህ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ አሌክስ ነው። እኛ ሴቶቹ ሰሞኑን እሁድ እሁድ ቡና እያፈላን «ሜይድ» (የቤት ሠራተኛ) የሚለውን ድራማ እያየን ነው። በ2021 በኔትፍሊክስ የወጣ፣ 10 ክፍል ያለው ድራማ ነው። እስቴፋኒ ላንድ የምትባል ሴት ስለ ራሷ ሕይወት ከጻፈችው መጽሐፍ ነው የተነሳው። ታሪኩ የሩቅ አገር አይደለም። እዚሁ እኛ የምንኖርበት ዋሽንግተን ስቴት ነው። ፌሪው፣ ዝናቡ፣ ጥዱ፣ ሁሉም የምናውቀው ነው። አሌክስ በሌሊት ትንሽ ልጇን ማዲን ታቅፋ፣ ጨርቄን ማቄን ሳትል፣ የልጇን አባት ሾንን ሸሽታ ከቤት ትወጣለች። እጇ ላይ ያለው 18 ዶላር ነው።

እኛስ ምን አልን? «ልጅ ይዞ እንዲህ ይኮናል?» «ድሮስ ማን ውለጂ አላት?» «ይቺም እናት ተብላ!»

1ኛው ክፍል ላይ ማዲ አሻንጉሊቷን በመኪናው መስኮት ትወረውራለች። ከዚያ ለቅሶ። አሌክስ መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ፣ ልጇን ውስጥ ትታ፣ አሻንጉሊቷን ፍለጋ ትወርዳለች። ሌላ መኪና መጥቶ የቆመውን ይገጨዋል። ልጅቷ ተረፈች። ያኔ ሳሎኑ በሙሉ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ጥፋት ነው፤ አይደለም ብዬ አልከራከራችሁም።

ግን እኛ ጥፋቷን ስንቆጥር ድራማው ገንዘቧን ይቆጥራል። ቤንዚን ስትቀዳ ስክሪኑ ላይ ይቀነሳል። ዕቃ ስትገዛ ይቀነሳል። መንግሥት የሚከፍልለት የልጅ መዋያ ለማግኘት ሥራ እንዳላት ማሳየት አለባት። ሥራ ለመግባት ደግሞ ልጇን የሚይዝላት ያስፈልጋል። እዚህ ጋ ከመሃላችን የሳቀ አልነበረም። ሁላችንም እናውቀዋለና።

አሌክስ የምታገኘው ሥራ የሰው ቤት ማጽዳት ነው። እኔም እዚህ አገር እንደመጣሁ 4 ዓመት ቤት አጽድቻለሁ። የብሊች ሽታ ጓንት አድርገሽም አይለቅም። ማታ እንጀራ ስትቆርሺ ከእጅሽ ይሸትሻል። አንድ ቀን ልጄን የምትይዝልኝ ጎረቤቴ ታመመች። ብቀር ከሥራ እባረራለሁ። ልጄን የሰው ቤት ይዤ ሄድኩ። ባዶ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ፎጣ አንጥፌ አስቀመጥኩት። ስልኬን ሰጠሁት። ድምፅህን እንዳልሰማ ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ልጄ 3 ዓመቱ ነበር። ያን ቀን የሚቀርጸኝ ካሜራ ቢኖር ስለ እኔ ምን ትሉ ነበር?

ልጇን ማን ያሳድግ በሚል የቀረበችበትን ፍርድ ቤትም አስታውሱ። ዳኛውና ጠበቃው ሲነጋገሩ አሌክስ ጆሮ የሚገባው «ሊጋል፣ ሊጋል፣ ሊጋል»፣ ሕግ ሕግ ሕግ፣ የሚል ድምፅ ብቻ ነው። እንግሊዝኛ አፍ የፈታችበት ቋንቋዋ ሆኖ እንዲህ ከሆነች፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በአስተርጓሚ ዳኛ ፊት የቆማችሁ እናንተ ምን ተሰምቷችሁ ይሆን?

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። አሌክስ ወደ ሾን ትመለሳለች። 8ኛው ክፍል ላይ ሶፋው ውስጥ ስትሰምጥ፣ እንደ ጉድጓድ ሲውጣት አይታችኋል። እኛ ግን «ይበላት! እግሯን ማን ሰበረው?» አልን።

ከዓመታት በፊት አንዲት እህታችን ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። 2 ሌሊት አደረች። በ3ኛው ቀን ሽማግሌ ተሰበሰበ። ቡናውን ያፈላሁት እኔ ነኝ። «መቼም አልመታሽም አይደል?» ያልኳት እኔ ነኝ። «ለልጅሽ ስትይ ቻይው» ያልኳትም እኔው ነኝ። ሰምታኝ ተመለሰች። እንደገና ስትወጣ ደግሞ «እነሱ እንደሆኑ መጣላት መታረቅ ሥራቸው ነው» ብዬ ያማኋት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ስሟን ሳልጠራ ዛሬ እንዳወራውም ፈቅዳልኛለች።

አሌክስም እርዳታ ልትጠይቅ ለሄደችባት ለሶሻል ወርከሯ «አልመታኝም» ነው ያለቻት። እውነቷን ነው፣ ሾን የመታው ግድግዳውን ነው። ግን የተሰበረውን ብርጭቆ ከልጇ ፀጉር ውስጥ የለቀመችው እሷ ናት። እኔ ያቺን እህቴን ስለ ብርጭቆ አልጠየቅኳትም።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ ብያለሁ። 8 ክፍል ሙሉ ከመሃላችን «ይሄስ ምን ዓይነት አባት ነው?» ያለ አልነበረም። ሾን መጠጥ ትንሽ ሲተው «ተሻሻለ እኮ!» አልን። እሷ ለአንድ ደቂቃ ተሳሳተች፣ እናትነቷን ነጠቅናት። እሱ ጥቂት ቀን ሳይጠጣ ዋለ፣ መረቅነው። ይሄ ያናድደኛል። በራሴም ነው የምናደደው።

በነገራችን ላይ፣ የአሌክስን እናት ሆና የምትሠራው አንዲ ማክዳወል፣ አሌክስን ሆና የምትሠራው የማርጋሬት ኳሊ እውነተኛ እናት ናት። አንዳንዶቻችሁ «እንዴት ነው እንዲህ የሚመሳሰሉት?» ስትሉ ነበር።

2 ክፍል ይቀረናል። እሁድ 9 ሰዓት ላይ እዚሁ እናየዋለን። መኪና ያላችሁ፣ የሌላቸውን በመንገዳችሁ ይዛችሁልን ኑ። ከኋላ ባለው ክፍል ልጆች የሚይዙ 2 እህቶች አሉን፤ ምግቡም ከእኛ ነው። ብቻችሁን የምታሳድጉ እናቶች፣ «ልጄን ማን ይይዝልኛል» ብላችሁ እንዳትቀሩብን።