መብራት አልጠፋም ነበር
የዓለም የዕይታ ቀንን ምክንያት በማድረግ በትምህርት ቤት ለወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበሩ ርዕሰ መምህራችን፣ መምህራን፣ እናቶችና አባቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

በፈረንጆቹ ኦክቶበር ሁለተኛው ሐሙስ የዓለም የዕይታ ቀን ነው። በእኛ መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲብት ማለት ነው። ትምህርት ቤታችን ስለ ተማሪዎች የዓይን ጤና ተናገሪ ሲለኝ እሺ ብዬ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልኩ። ርዕሱ ሰፊ ነው። መነጽር አለ፣ ትራኮማ አለ፣ የክፍል ብርሃን አለ፣ ስልክ አለ። ሁሉንም ጽፌያለሁ። ግን እኔ ሐኪም አይደለሁም። እኔ በደንብ የማውቀው የልጄን ዓይን ነው። ከእሱ ልጀምር። እንድናገርም ፈቅዶልኛል።

ልጄን ታውቁታላችሁ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ነው ያደገው። ዓይኑን ሲያሽ ያላየው ሰው ያለ አይመስለኝም። "ልጅሽ አልቅሶ ነው እንዴ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አላለቀሰም። እያሳከከው ነው። በተለይ ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሲፈካ ይብስበታል። ከዚያ ደግሞ የበጋው አቧራ ይመጣል። ጠዋት ዓይኑን መግለጥ ያቅተዋል። ፀሐይ ሲወጣ ፊቱን ያዞራል። ከዓይኑ ጥግ እንደ ክር የሚመዘዝ ነጭ ነገር ይወጣል። የዓይኑ ነጭ ክፍል ቡናማ እየመሰለ ሄደ። ሁለት ሳምንት ሻል ይለዋል፣ ከዚያ ያገረሽበታል። ይህ የጀመረው በ6 ዓመቱ ነው። የበሽታውን ስም ያወቅነው በ11 ዓመቱ ነው።

በነዚያ 5 ዓመታት ያልተባልነው የለም። የመጀመሪያው "አቧራ ነው" ብሎ ቅባት ሰጠን። ሁለተኛው "ኢንፌክሽን ነው" አለ። ሦስተኛው "ትራኮማ ሳይሆን አይቀርም" አለና ኪኒን አስዋጠው። አንድ መነጽር ቤት ደግሞ መፍትሔው መነጽር ነው ብሎ ሸጠልን። ሰፈር ውስጥ "ምች ነው" ተብሎ በዳማከሴ ታሽቷል። ፀበልም ወስጄዋለሁ። ዛሬም እወስደዋለሁ፣ እምነቴ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ነጭ ጋውን ከለበሱት ከነዚያ ሁሉ ሰዎች መካከል የልጄን የላይኛውን የዓይን ቆብ ገልብጦ ያየ አንድም አልነበረም። አንድም! የኪስ ባትሪ፣ አንዳንዴም የስልክ መብራት ያበሩበታል። "ወደ ላይ እይ፣ ወደ ታች እይ" ይሉታል። ከዚያ ይጽፋሉ። ጽፈው የሚሰጡኝ የመድኃኒቱን ስም ነው። የበሽታውን ስም ማንም ጽፎልኝ አያውቅም። ትራኮማ ነው ያለን ሰው እንኳ ቆቡን አልገለበጠም። ትራኮማ የሚታየው እኮ እዚያው ቆቡ ስር ነው!

በመሀል አንድ ጠብታ ታዘዘለት። በሁለት ቀን ዓይኑ ወተት መሰለ። እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነግራችሁም። ልጄ እንደ ሰው ልጅ ፀሐይ ላይ ወጥቶ ኳስ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ሲያገረሽበት ሐኪም ጋ መሄዱን ተውኩት። ባዶውን ብልቃጥ ይዤ መድኃኒት ቤት እሄዳለሁ። "እንደዚህ ዓይነቱን ስጠኝ" እላለሁ። ይሰጠኛል። ለማን ነው ያለኝ የለም። ከመቼ ጀምሮ ነው ያለኝ የለም። እኔም ለጎረቤቴ ልጅ ያንኑ ጠብታ ግዢለት ብዬ መክሬያለሁ።

ልጄ 11 ዓመት ሆነው። አንድ ምሽት ሳሎን ቁጭ ብለን ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ጠብታውን ጠብ አደረግኩለት። ዓይኑን ጨፍኖ በሶፍት ያዘው። ከዚያ "እማዬ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?" አለኝ።

አምፖሉን ቀና ብዬ አየሁት። ቦግ ብሎ በርቷል።

እየቀለደ መሰለኝ። ሶፍቱን አንስቶ "አይ፣ አለ" አለ። እንደገና ቀኙን አስሸፈንኩትና በግራው ፊቴን እይ አልኩት። "እንደ ጉም ነው" አለኝ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አያውቅም። ልጅ ነው። አንዱ ዓይን ካየ ሌላው መድከሙን በምን ያውቃል?

በማግስቱ ከንጋቱ 11 ሰዓት አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ወረፋ ያዝን። የገባንላት ሐኪም ወጣት ናት። ልጄን አገጩን መሣሪያው ላይ አስደገፈችው። ከዚያ በቀጭን የጥጥ እንጨት የዓይኑን ቆብ ቀስ አድርጋ ገለበጠችው። ጠርታ አሳየችኝ። የሰፈራችንን የኮብልስቶን መንገድ አስቡት። የልጄ የዓይን ቆብ ውስጡ እንደዚያ ነው። ጠፍጣፋ ጠፍጣፋ እብጠት፣ አንዱ ካንዱ ተጠጋግቶ። "ቨርናል የሚባል የዓይን አለርጂ ነው" አለችኝ። በካርዱ ላይም ጻፈችው። አምስት ዓመት የፈለግኩት ስም በአምስት ደቂቃ ተገኘ።

ከዚያ የዓይኑን ግፊት ለካች። ዝም አለች። እንደገና ለካች። "ምን ጠብታ ነው የሚጠቀመው? ቤት ያለውን ሁሉ አምጪልኝ" አለችኝ።

ይኸው ፌስታሉ። ያን ቀን የወሰድኩላት ይህን ነው። 23 ባዶ ብልቃጥ አለበት። መድኃኒት ቤት እያሳየሁ የምገዛበት ስለነበር አልጣልኳቸውም። ሐኪሟ አንድ በአንድ እያነሳች አነበበች። ብዙዎቹ ላይ ዴክሳሜታዞን የሚል ስም አለ። ስቴሮይድ ነው፣ እብጠትንና ቅላትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት።

እሷ ያስረዳችኝን በእኔ ቋንቋ ልንገራችሁ። ዓይናችን ውስጥ የሚመነጭ ውሃ አለ። እንባ አይደለም፣ የውስጥ ነው። እየመነጨ በቀጭን ማጣሪያ ይወጣል። ይህ ጠብታ ለረጅም ጊዜ ሲጨመር በአንዳንድ ሰው፣ በተለይም በልጆች፣ ማጣሪያው በደንብ ማሳለፉን ይቀንሳል። ውሃው ይጠራቀማል። ግፊቱ ይጨምርና ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ይጎዳል። ግላኮማ ማለት ይህ ነው። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም። መቅላትም የለውም። እንዲያውም ጠብታው ቅላቱን ስለሚያጠፋው ዓይኑ ያማረ ይመስላል። ጤነኛ የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ነው። የልጄ ግራ ዓይን 44 ነበር። ቀኙ 31።

ሐኪሟን "ታዲያ ይህ መድኃኒት ለምን ይሸጣል?" ብዬ ጮህኩባት። አልተቆጣችም። "እኔም አዝዘዋለሁ። ግን ለአጭር ጊዜ ነው፣ ግፊቱን እየለካሁ ነው፣ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ አቆመዋለሁ" አለችኝ። ልጄ ግፊት የሚቀንስ ጠብታ ጀመረ። ግራ ዓይኑም ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ቀኙ ተርፏል። የግራው ነርቭ ግን አንዴ ሞቷል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ይህ አለርጂ ብዙ ጊዜ ልጅ ሲጎረምስ በራሱ ጊዜ የሚተው ነው። ልጄ ዘንድሮ 15 ዓመቱ ነው። ማሳከኩ ቆሟል። አደይ ፈክቷል፣ ዓይኑን አያሽም። በሽታው ሄደ፣ ዓይኑ ግን አልተመለሰም። ልጄን ያሳወረው ሕመሙ አይደለም። ሳያዩ ማዘዝ ነው! ሳይጠይቁ መሸጥ ነው! የእኔም ዝም ብሎ መቀበል ነው። አምስት ዓመት ሙሉ "የበሽታው ስም ምንድነው?" ብዬ አልጠየቅኩም። ሐኪም የሚቀየመኝ መስሎኝ። ያልተማረች እንዳይሉኝ ፈርቼ። የልጄ ዓይን የጠፋው በይሉኝታ ነው ብል አልዋሸሁም።

እናንተ ጠይቁ! "ቆቡን ገልብጠው አይተውልኛል ወይ?" በሉ። "ግፊቱ ተለክቷል ወይ?" በሉ። "የበሽታውን ስም ካርዱ ላይ ይጻፉልኝ" በሉ። መለኪያ ከሌላቸው ሪፈር ይጻፉ። አላውቀውም ማለት ነውር አይደለም። ነውሩ ሳያውቁ መጻፍ ነው! መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ወላጆችም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንዲት እናት ባዶ ብልቃጥ ይዛ ስትመጣ፣ እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጠይቋት።

በ1998 ዓ.ም. በአገራችን የዓይነ ስውርነት ጥናት ተደርጎ ነበር። ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር ነው ተባለ። ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነው። ሞራ በቀዶ ጥገና ይነሳል፣ ሰውየው ያያል። በዚያ ጥናት ከዓይነ ስውራኑ 5.2 በመቶ ያህሉን ያሳወረው ግላኮማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ግን የወሰደውን አይመልስም። በጠብታ የመጣ ሲሆን ደግሞ ባይሰጥ ኖሮ አይመጣም ነበር።

የቀሩትን ነጥቦች ቶሎ ቶሎ ልበላቸው፣ ሰዓቱ ሄዷል። ልጃችሁ ሰሌዳው ካልታየው፣ ደብተሩን ፊቱ ላይ ካስጠጋ፣ ዓይኑን አስለኩት። በየጊዜው አንድ አንድ ዓይኑን አስሸፍናችሁ ግድግዳ ላይ ያለ ጽሑፍ አስነብቡት፣ ወጪ የለውም። ዓይን ማሸት በራሱ ይጎዳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ ያስታግሳል። ስለ ስልክ የጻፍኩትን ለመምህራን እሰጣለሁ።

ፌስታሉን እዚህ ጠረጴዛ ላይ እተወዋለሁ። ሲያልቅ ኑና ብልቃጦቹ ላይ ያለውን ስም ቤታችሁ ካለው ጋር አስተያዩት። ተመሳሳይ ካገኛችሁ በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡት፣ ልጁን ይዛችሁ የዓይን ሐኪም ጋ ሂዱ። አዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል አለ። ክፍለ ሀገር ዘመድ ላላችሁ ጎንደርም ጅማም የዓይን ክፍል አላቸው።

የልጄ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ በዚህ በር በኩል አልፋለሁ። ልጁን ይዞ አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ ካለ እጠብቀዋለሁ። ወረፋ አያያዙን አውቀዋለሁ።

አመሰግናለሁ።