ቻክ-ቻክ፦ የጎረቤቴ ጠመንጃ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ቡናዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ውጭ በረዶ መጣል ጀምሯል።

መጀመሪያ ይቺን ስሙልኝ። ማይኩን ላስጠጋው። ቻክ-ቻክ። ሰማችሁ? ልድገምላችሁ። ቻክ-ቻክ። ባዶ ነው፣ አትስጉ። ሦስቴ ከፍቼ አይቼዋለሁ፤ ጥይቱም ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል።

ይሄ ድምጽ የአደን ጠመንጃ ድምጽ ነው። ሬሚንግተን ሞዴል 760 ይባላል። ጌምማስተር የሚል የማዕረግ ስምም አለው። ዛሬ ዓመት ስጠራ ካልነገርኳችሁ በቀር በፈረንጅ ነው፤ ከ1952 እስከ 1981 ነው የተሠራው። በነዚያ ዓመታት ወደ አንድ ሚሊዮን ገደማ ወጥቷል። ከኒውዮርክ ግዛት፣ ኢሊየን ከምትባል ትንሽ ከተማ። ፋብሪካው በ2024 ተዘጋ። ጠመንጃው ግን አሁንም በየቤቱ ምድር ቤት አለ።

የእኛ ሰው ጠመንጃ ሲባል የሚያውቀው ምንሽርን ነው። ቃታውን ታነሳለህ፣ ወደ ኋላ ትስባለህ፣ ወደ ፊት ትገፋለህ፣ ወደ ታች ትመልሳለህ። ቀኝ እጅህ ከምላጩ ተነስቶ ይህን ሁሉ ዞሮ ይመለሳል። ይሄኛው እንደዚያ አይደለም። ግራ እጅህ የያዘው እንጨት ራሱ ይንሸራተታል። ወደ ኋላ ስትስበው ባዶው ቀለህ ተፈናጥሮ ይወጣል። ወደ ፊት ስትገፋው አዲስ ጥይት ይጎርሳል። ዓይንህ ከኢላማው አይነሳም። ሰደፉ ከትከሻህ አይወርድም። በቃ፣ ቻክ-ቻክ ነው።

እኔ የምኖረው ፔንሲልቬንያ ነው። ከሃሪስበርግ ወጣ ብሎ። እዚህ አገር ይሄ ጠመንጃ እንደ ሃይማኖት ነው ብል አላጋነንኩም። ምክንያቱ ደግሞ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ሕግ ነው። ፔንሲልቬንያ ውስጥ አጋዘን ስታድን በራሱ የሚያቀባብል ጠመንጃ አይፈቀድልህም። እና በእጅህ አቀባብለህ ቶሎ ልትደግም የምትችለው በየትኛው ነው? በዚህኛው። አንዳንዶች እንዲያውም የአሚሾች መትረየስ እያሉ ይቀልዱበታል። አሚሾች እነዚያ በሃይማኖታቸው ምክንያት ዘመናዊ ነገር የሚሸሹት፣ በፈረስ ጋሪ የሚሄዱት ናቸው፤ እዚህ ያላችሁ ለሥራ ስትወጡ መንገድ ላይ ታልፏቸዋላችሁ።

አንድ ነገር ልበል፣ ስለ ቃሉ። አጋዘን እያልኩ ነው እንጂ የዚህ አገሩ እንስሳ የእኛ አጋዘን አይደለም። የእኛው ቀንዱ አንዴ ከወጣ እስከ ዕድሜ ልኩ አብሮት ነው። የዚህ አገሩ ወንዱ በየዓመቱ ክረምት ላይ ቀንዱን ይጥላል፤ በፀደይ እንደገና ያበቅላል። ጭራው ከሥሩ ነጭ ነው። ሲደነግጥ ቀጥ አድርጎ ያነሳዋል። ከዛፎቹ መሃል ነጭ መሐረብ የሚያውለበልብ ሰው ይመስላል። ሌላ ስም ስላጣሁ አጋዘን እላለሁ፤ ፍቀዱልኝ።

ጠመንጃው የጎረቤቴ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ስማቸውን አልጠራም። ክረምት ክረምት የደጃቸውን በረዶ እጠርግላቸው ነበር። መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ነው የምነዳው፤ ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ አካፋዬን አንስቼ በዚያው እጨርሰዋለሁ። እሳቸውም በመስኮት ያዩኛል። አንድ ቀን ጠሩኝና ምድር ቤት አስገቡኝ። ጠመንጃው ግድግዳ ላይ ነበር።

«ልጆቼ አያድኑም» አሉኝ። «አንዱ ፍሎሪዳ ነው። ይሄ ነገር ኢንተርኔት ላይ ተሽጦ የማላውቀው ሰው ቤት ከሚገባ አንተ ውሰደው።»

በነጻ አልወስድም አልኩ። «እሺ፣ ሁለት መቶ ዶላር» አሉ። ከዚያ በላይ እንደሚያወጣ ሁለታችንም እናውቃለን። እዚህ ግዛት ረጅም ጠመንጃ ከግለሰብ ወደ ግለሰብ ሲያልፍ ሕጉ ባያስገድድም፣ መሣሪያ ሻጭ ጋ ሄደን ስሜ ተጣርቶ ነው የተረከብኩት። እንደኔ ያለ የባዕድ ቅላጼ ያለው ሰው ወረቀቱ የተስተካከለ ቢሆን ይሻለዋል። ይሄ የኔ አስተያየት ነው።

አሁን የሚገርማችሁን ልንገራችሁ። እኔ ያደግኩት ጠመንጃ በሚፎከርበት አገር ነው። አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ውጅግራ ተሰቅሎ ነበር። በሕይወቴ ሲተኮስ አላየሁትም። ሠርግ ሲሆን ግን ይወርዳል። ዘራፍ ይባልበታል፣ ይሸለልበታል። የማን ልጅ እንደሆንክ፣ አያትህ ምን እንደገደለ፣ ሁሉም በዚያ ውጅግራ ይቆጠራል። ታዲያ ሽማግሌውን የመጀመሪያ ቀን ምን ብዬ ብጠይቃቸው ጥሩ ነው? «በዚህ ስንት ገድለዋል?» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የበላነውን ያህል» አሉኝ። በቃ። ፉከራ የለ፣ ሽለላ የለ። ከዚያ ወዲያ ደግሜ አልጠየቅኩም።

አፈሙዙ ላይ በግራ በኩል ሁለት ፊደል ተቀርጿል። ኬ እና ዲ። የተሠራበት ወርና ዓመት ነው። እሳቸው ናቸው ያስተማሩኝ። ብላክ ፓውደር የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ፊደል በፊደል ቁጠሩት፤ ጥቁር ባሩድ ማለት ነው። 11 ፊደል አለው። መጨረሻ ላይ ኤክስ ሲጨመርበት 12 ይሆናል። እያንዳንዱ ፊደል አንድ ወር ነው። ኬ አምስተኛ ነች፣ ስለዚህ ሜይ። ዲ ደግሞ 1957ን ትወክላለች። በእኛ ስቆጥረው 1949፣ ሚያዝያ ማለቂያ ወይ ግንቦት። ያን ጊዜ አባቴ ገና ከብት ጠባቂ ልጅ ነበር።

ጥይቱም ታሪክ አለው። ሰርቲ ኦት ሲክስ ይሉታል። ሰርቲ አረሩ የሚያልፍበት የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ዜሮ ነጥብ 30 ኢንች። ኦት ሲክስ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የተቀበለበት ዓመት፣ 1906። ይሄ ጥይት ለእኛ ሰው ባዕድ አይደለም። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ሲዘምት የያዘው ኤምዋን የሚጎርሰው ይሄንኑ ነው። የድሮ ወታደር አጎት ያላችሁ ጠይቁ። ኤምዋን ስትሉት ትከሻውን መያዙ አይቀርም፤ ሰደፉ ይመታል።

እሺ፣ አሮጌ ጠመንጃ መያዝ ምን ይመስላል? ያንገጫግጫል። በተለይ ይሄ የሚንሸራተተው እንጨት። እንደ ቆረቆንዳ ዙሪያውን ቦይ ቦይ ወጥቶለታል። ሲነካ ከሐዲዱ ጋር ቀጭ ቀጭ ይላል። ጫካ ውስጥ ጸጥ ባለ ጧት ያቺ ድምጽ አገር ታሰማለች። ስሄድ እንጨቱን ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጌ ነው የምይዘው። ግራ እጄ በብርድ ይደርቃል፣ ግን አልለቀውም።

ሌላው ጉሮሮው ነው። ጥይቱ የሚተኛበትን ማለቴ ነው። ይሄ ጠመንጃ ከኋላ እንደ ምንሽር ወለል ብሎ አይከፈትም። የመወልወያ ዘንግ ከኋላ ቀጥ ብሎ አይገባም። ብዙ ሰው ከአፉ በኩል ይወለውልና ጉሮሮውን ይረሳዋል። እዚያ ዝገት ወይም ዝቃጭ ከተቀመጠ ቀለሁ ይጣበቃል። በምንሽር ቢሆን ቃታውን በጥፊ ትለዋለህ። እዚህ ግን የምትስበው በግራ እጅህ ነው፤ ጉልበት የለህም። እኔ አጭር ብሩሽ እና የሚተጣጠፍ ዘንግ ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን የወጣው ቡናማ ጨርቅ የጥሬ ቡና ከረጢት ነው የሚመስለው።

የዚህ ጠመንጃ አያትም አለ፣ ሳልጠቅሰው አላልፍም። ሞዴል 14፣ በ1912 የወጣ። ጆን ፔደርሰን የሚባል ሰው ነው የነደፈው። ጥይቶቹ ከአፈሙዙ ሥር ባለ ቱቦ ውስጥ አንዱ ከአንዱ ኋላ ይደረደራሉ። ችግሩ ገብቷችኋል? የኋለኛው ጥይት ሹል አፍንጫ የፊተኛውን መቀጣጠያ ቢወጋው እዚያው ይፈነዳል። ፔደርሰን ምን አደረገ? ቱቦውን ጠመዘዘው። በመጠምዘዙ ጥይቶቹ ትንሽ ተዛንፈው ይተኛሉ፤ አፍንጫው መቀጣጠያውን አይነካም። አንድ ቀን በእጄ ይዤ አየሁት። የተጠመዘዘ ሻማ ይመስላል። ገንዘብ ቢኖረኝ እገዛው ነበር። ባለቤቴ ይህን ክፍል አትሰማም ብዬ ነው።

አሁን ወደ ኃፍረቴ ልምጣ።

የመጀመሪያ ዓመት የአዳኞችን ኮርስ ጨረስኩ፣ ፈቃድ አወጣሁ። ብርቱካናማ ሰደሪያና ቆብ ገዛሁ። ሕጉ ራስህ፣ ደረትህና ጀርባህ ላይ በድምሩ 250 ስኩዌር ኢንች ብርቱካናማ ያዝዛል። ጎዳና ላይ የሚሠራ ሰው ነው የምትመስለው። አደኑ የሚከፈተው ከታንክስጊቪንግ፣ ከኅዳሩ የምስጋና በዓላቸው፣ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ነው። ድሮ ሰኞ ነበር፤ በ2019 ወደ ቅዳሜ አመጡት። ሽማግሌው እስካሁን አልተዋጠላቸውም።

ከንጋቱ በፊት ዛፍ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሁለት ሰዓት ያህል የእግሬ ጣቶች ብቻ ናቸው የሚታወሱኝ። ከዚያ ድንገት ቆሞ አየሁት። ሲመጣ አላየሁትም። 60 እርምጃ ቢሆን ነው። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ተኮስኩ። ሳትኩት። ዘሎ ጥቂት ሮጠና ቆሞ ዞሮ አየኝ። ለዚህ ነው እኮ ይሄ ጠመንጃ የተሠራው! እንጨቱን ሳብኩ፣ ገፋሁ፣ አነጣጠርኩ፣ ምላጩን ሳብኩ።

ቃ!

አልተኮሰም። አጭር ስቤዋለሁ። እስከ መጨረሻው አልሳብኩትም። ባዶው ቀለህ ከጉሮሮው ወጣ እንጂ አልተፈናጠረም። ስገፋው ተመልሶ ገባ። አጋዘኑ ያቺን ቃ ሰማት። ነጭ ጭራውን ቀጥ አድርጎ ሄደ። ሲሄድ አልቸኮለም እንኳ።

ለሽማግሌው ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። «ለስላሳ ሰው ነህ» አሉኝ። «እሱን በትህትና አይስቡትም። እንደተቆጣ ሰው ሳበው። ይችላል፣ አይሰበርም።» ያን ክረምት ምድር ቤታቸው ወርጄ በባዶ ቀለህ ተለማመድኩ። እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው «አጭር ነው። አጭር። አሁን ጥሩ። አጭር» ይላሉ። እንደ ድቁና ትምህርት።

በሚቀጥለው ዓመት አገኘሁ። በመጀመሪያው ጥይት ወደቀ፤ ያን ሁሉ ልምምድ አላስፈለገኝም። ግን ስሮጥ ሳላውቀው አቀባብዬ ነበር። ቀለሁ በረዶው ላይ እየጨሰ ትንሽ ጉድጓድ ሠርቶ ሰጥሟል። አንስቼ ኪሴ ከተትኩት። መለያ ወረቀቱን ሞልቼ ጆሮው ላይ አሰርኩ። ከቦታው ሳታንቀሳቅሰው በፊት ነው ይህን የምታደርገው።

እና አሁን ችግር ተጀመረ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። ቀኑን ቁጠሩት፤ የአጋዘን አደን ሁሌም ማለት ይቻላል ጾሙ ውስጥ ነው የሚወድቀው። ቤቴ ወደ 20 ኪሎ ሥጋ ይዤ ገባሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «አንተ ሰው፣ በነቢያት ጾም ደም በደም ሆነህ ትመጣለህ?» አለችኝ። ሥጋው እስከ ገና ፍሪዘር ውስጥ ተቀመጠ። አርባ ምናምን ቀን። ሽሮ እየበላሁ ፍሪዘሩን አይ ነበር።

እናቴ ደግሞ ከአገር ቤት በስልክ ፍርዷን ሰጠች። «ማን ባረከው?»

«እኔ።»

«ነፍሱ ሳትወጣ ደረስክ? አለዚያ በክት ነው፤ ለልጆቼ እንዳታበላ።»

እውነቱን ልናገር። በስመ አብ ብዬ አንገቱ ላይ ቢላ አሳርፌያለሁ። ግን ስደርስ ዓይኑ ደንዝዞ ነበር። «ደርሻለሁ እማዬ» አልኳት። ይሄን ፖድካስት አትሰማም፤ የእህቴ ልጅ ካላሰማቻት በቀር። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ። ዝም ብለው ቆዩና «በሚመጣው ጊዜ ቶሎ ሩጥ» አሉኝ። እውነት ቀልድ ይሁን ምክር እስካሁን አልገባኝም። ለገና ጥብስ ሠራነው። ስብ የለውም፤ ቅቤ ካልበዛበት ይደርቃል። ልጆቹ ጨረሱት።

ሽማግሌው ዘንድሮ ጫካ አልወጡም። ጉልበታቸው እምቢ ብሏቸዋል። እኔ ግን ብቻዬን አልሆንኩም። ትንሹ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። እዚህ 12 ከሞላው ኮርሱን ወስዶ ከአዋቂ ጋር መውጣት ይችላል። ኮርሱን አልፏል፣ ከኔ የተሻለ ነጥብ አምጥቶ። ቅድም ያሰማኋችሁን ጠመንጃ ታላቅ ወንድሙ አሁን ወደ ምድር ቤት ይዞት ወርዷል። ሁለቱም እዚያ ናቸው። በባዶ ቀለህ እየተለማመደ ነው። ቆይ፣ ስሙ…

ሰማችሁ? አጭር ነው።

እስከ መጨረሻው ሳበው አንተ! እስከ መጨረሻው!