ከየቤቱ በውሰት የመጡ ሥዕሎች

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማወጋችሁ ሰሞኑን እዚህ ደሴ ስለተከፈተው የአንድ ሠዓሊ የመታሰቢያ ዐውደ ርእይ ነው። ሟቹ በሰፈሩ ዘንድ «ጋሼ ሠዓሊው» ተብለው ይታወቁ ስለነበር፣ እኔም በዚሁ መጠሪያ እቀጥላለሁ።

ከተሰቀሉት ሥዕሎች አብዛኞቹ የመጡት ከቤታቸው አይደለም። ከሰው ሳሎን፣ ከፋርማሲ፣ ከቡና ቤት ግድግዳ፣ ጥቂቶቹም ከኮምቦልቻ በውሰት የተሰበሰቡ ናቸው። ጋሼ ሠዓሊው ልጆቻቸውን ያሳደጉት ከፒያሳ እስከ ሸዋበር ላሉ ሱቆች ማስታወቂያ እየጻፉ ሲሆን፣ ሥዕሉን የሚሠሩት ማታ ማታና በክረምት ሥራ ሲቀዘቅዝ ነበር። ያለቀውም ሥዕል አንዱ ለሠርግ ስጦታ፣ ሌላው በዱቤ፣ ሌላው ደግሞ ለውለታ መክፈያ እየሆነ ከእጃቸው ስለሚወጣ፣ እርሳቸው ራሳቸው ሥራዎቻቸውን በአንድ አዳራሽ ተሰብስበው የማየት ዕድል ሳያገኙ አርፈዋል። ይህ በእጅጉ ያሳዝነኛል።

ብዙ የቆየሁት ጦሳ ተራራን ከሣሉበት ሥዕል ፊት ነው። ደሴ ያደገ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ የሐምሌ ጭጋግ ከጦሳ ሲወርድ ተራራውን በአንድ ጊዜ አይውጠውም፤ እዚህ ሸፍኖ እዚያ ይገልጣል። ጋሼ ሠዓሊው ይህንን ለማሳየት በነጭ ቀለም አልደለሉትም። መጀመሪያ ተራራውን በሙሉ በጥቁር አረንጓዴ ቀብተው፣ ከደረቀ በኋላ ጥቂት ግራጫ በነካው ደረቅ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ጠርገውበታል፤ ስለዚህ ጠጋ ብሎ ለተመለከተው የብሩሹ ጭረት አንድ በአንድ ይታያል፣ በጭረቶቹ መካከልም አረንጓዴው ብቅ ይላል። ከታች ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ዝገት ግን በወፍራም ቀለም ተደርቦ በጣት ቢዳሰስ የሚሻክር ይመስላል።

ሳይጨርሱት የቀረው የሰኞ ገበያ ሥዕል ደግሞ አሠራራቸውን ያሳያል። አቡጀዲው በእንጨት ላይ ተወጥሮ በሙጫና በጀሶ ተለስኗል፤ በላዩም በእርሳስ የተሰመሩ አራት ማዕዘኖች አሉ። ይህ ትንሹን ንድፍ ወደ ትልቅ ሰሌዳ ለማሳደግ ማስታወቂያ ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። በግራ በኩል የበርበሬ ሻጮቹ ፊት አልቋል፤ በቀኝ በኩል ያለችው ሴት ግን ነጠላዋ ባዶ ጀሶ፣ እጇም የእርሳስ መስመር ብቻ ነው። በቀን የሚሠሩት የእንጀራ ሥራ ለማታው ሥዕል ምን ያህል እንዳገለገላቸው የተረዳሁት ከዚህ ሥዕል ነው፤ በመክፈቻው ዕለት ንግግር ያደረጉ ሰዎች ደግነታቸውንና ትሕትናቸውን በሰፊው ሲያወሱ ይህንን አለማንሣታቸው ቅር አሰኝቶኛል። ደግነታቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ሠዓሊ ሲታሰብ ስለ እጁ ሥራም ሊነገርለት ይገባል።

የአዲስ አበባ ሠዓሊዎች ነገር ከዚህ ይለያል። በ1950 ዓ.ም በአለ ፈለገሰላም መሪነት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ከተከፈተ ወዲህ፣ በዚያ ያስተማሩና የተማሩ ሰዎች ሥራ የሚጠናበትና የሚቀመጥበት መንገድ አግኝቷል፤ በስደት ያረፈው ገብረ ክርስቶስ ደስታ እንኳን ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የያዘ ማዕከል አለው። በፍየል ቆዳ ላይ በመሣል የሚታወቁትና በ2013 ዓ.ም ያረፉት ለማ ጉያም ቢሾፍቱ ላይ በገዛ ጥረታቸው ሙዚየም አቁመው አልፈዋል። ትምህርት ቤትም ዘመድ ወዳጅም ያልደገፈው የክፍለ ሀገር ሠዓሊ ግን ሥራው በባለቤቶቹ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ሙዚየም ብቻውን መፍትሔ ነው ብዬም አላምንም። የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል። ያን ጊዜ እንደ ገባን፣ አንድ ቅርስ ሲጠፋ ምን እንደነበረ ለማስረዳት እንኳን ፎቶግራፉና መዝገቡ ሊኖር ይገባል። በዚህ ዐውደ ርእይ ግን ከሥዕሎቹ ሥር የተለጠፈው ወረቀት ርእሱን ብቻ ይናገራል፤ በየትኛው ዓመት ተሣለ፣ በዘይት ቀለም ነው ወይስ በግድግዳ ቀለም፣ መጠኑ ስንት ነው፣ ማን ዘንድ ይገኛል የሚለው የለም። ዐውደ ርእዩ ሲዘጋ ሥዕሎቹ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ባለቤቶቹ ደግሞ ይሸጣሉ፣ ይሰደዳሉ፣ ቤት ያድሳሉ።

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምለምነው፣ አንድም ሥዕል ከአዳራሹ ከመውጣቱ በፊት በቀን ብርሃን ፊቱም ጀርባውም ፎቶ እንዲነሣ ነው። ጀርባውን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጋሼ ሠዓሊው የሥዕሉን ወርና ዓመት በእርሳስ የሚጽፉት ከእንጨቱ ጀርባ ላይ እንደነበር ልጃቸው ነግራኛለች። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የምትገኙ፣ ቤታችሁ የእርሳቸው ሥራ ያለ አድማጮቼም ሥዕሉን ከግድግዳ አውርዳችሁ እንድትመለከቱት፣ ጽሑፉን ካገኛችሁም ሳትጠርጉት ፎቶ አንሥታችሁ ለቤተሰቡ እንድታደርሱ በአክብሮት እጠይቃለሁ።