ጨረሩ ሳይቀድም

[ምስል፦ ጅማ፣ ማለዳ። ከሕክምና ክፍል ደጃፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች]

ጤና ይስጥልኝ። ከጅማ ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት ግድ የነበረበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። አሁን እዚሁ ከተማ ይሰጣል። ጥያቄውም እዚሁ ይነሳል፦ ጨረሩ ካንሰሩን ሲመታ፣ አጠገቡ ያለውን ደህና ሴል ምን ያድነዋል?

[ስዕል፦ ሴል፣ መሃሉ ላይ የተጠማዘዘ ዲኤንኤ]

ሴላችን በአብዛኛው ውሃ ነው። ጨረር ውሃውን ሲሰነጥቀው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ቅንጣት ይወጣል። ዕድሜው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ያጠረ ነው፤ የሴሉን የዘር መረጃ የያዘውን ጥንድ ክር፣ ዲኤንኤን፣ ለመበጠስ ግን ይበቃዋል። አንድ ግሬይ (የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር በአንድ ሴል ውስጥ 1,000 ያህል ቦታ ላይ አንዱን ክር፣ 40 ያህል ቦታ ላይ ደግሞ ሁለቱንም ክሮች ይቆርጣል። የአንዱ ክር ይጠገናል። ጣጣው ሁለቱም ሲቆረጡ ነው። ጫፎቹ ተሳስተው ከተገጠሙ ስህተቱ ሴሉ ሲከፈል ወደሚወጡት አዳዲስ ሴሎች ይተላለፋል።

እ.ኤ.አ. በ1949 ተመራማሪዎች ድኝ ያለበትን ሲስቴይን የተባለ አሚኖ አሲድ ለአይጦች ሰጡ። ከጨረሩ በፊት ካገኙት ብዙዎቹ ተረፉ። ከጨረሩ በኋላ ለተሰጣቸው ግን አልጠቀመም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ራዲካሉን መያዝ የሚቻለው መድኃኒቱ ቀድሞ ሴሉ ውስጥ ከተገኘ ብቻ ነው።

[ስዕል፦ ቁልፍና ቁልፉን የሚከፍት ኢንዛይም]

የአሜሪካ ጦር ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ከ4,000 በላይ ውህዶች ሞከሩ። ከመሃላቸው አሚፎስቲን ወጣ። በደም ሥር የሚሰጠው ጨረሩ ሊጀመር 15 እስከ 30 ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔን በጣም የሚደንቀኝ አሠራሩ ነው። ሲገባ እንደተቆለፈ ነው። የሚከፍተው አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም ሲሆን፣ እሱ በደህናው ሴል ዘንድ ይበዛል፣ በዕጢው ዘንድ ያንሳል። ስለዚህ ደህናውን ይበልጥ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ የጭንቅላትና የአንገት ጨረር ለሚያመጣው የአፍ መድረቅ ተፈቀደ። ምራቅ የደረቀበት ሰው እንጀራ መዋጥ ምን ያህል እንደሚከብደው ያስታመመ ያውቀዋል። ግን መድኃኒቱ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትም ያወርዳል። ለሁሉም የማይታዘዘው ለዚህ ነው።

«ቡናና ማር አይበቁም?» ትሉኛላችሁ፣ የጅማ ሰው አይደላችሁ! ጠጡ፣ ብሉ። መድኃኒቱን ግን አይተኩም።

ቫይታሚንም ቀላል ነገር አይደለም። ካናዳ ውስጥ 540 የጭንቅላትና የአንገት ካንሰር ታካሚዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ቫይታሚን ኢ በሚወስዱት ላይ በመውሰጃው ጊዜ ሌላ አዲስ ካንሰር በብዛት ታየ። እባካችሁ፣ ከፋርማሲ የገዛችሁትን እንክብል ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የመጀመሪያው ጨረር ሳይሰጥ ሐኪሙ ይየው።