ተርነር ሲንድረም፦ ቁመቷን አየን፤ ስኳሯንስ?

(ምስል፦ ደሴ፣ ጠዋት። ጦሳ ላይ ጉም። ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ተሰልፈዋል።)

ሰልፍ በቁመት ነው፤ አጭር ከፊት፣ ረጅም ከኋላ። ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሁሌ ከፊት የምትቆም አንዲት ልጅ በየትምህርት ቤቱ አትጠፋም። ብዙ ጊዜ በዘሯ አጭር ናት፣ ሌላ ምንም የለባትም። አንዳንዷ ግን እኩዮቿ ጡት ሲያወጡና የወር አበባ ሲያዩ እሷ በልጅነት መልኳ ትቀራለች። ሰፈሩም ዝም አይልም። ቡዳ ነው የሚል ይኖራል፤ እናቷን የሚወቅስም አለ።

እናትየው ያጠፋችው ነገር የለም። ሴት ልጅ ስትጸነስ ኤክስ የሚባለው ክሮሞዞም (ከወላጅ የሚወረሰውን የሚሸከም የሴል ክፍል) ሁለት ይደርሳታል፤ አንዱ ከእናቷ፣ አንዱ ከአባቷ። አንዳንዴ ሁለተኛው ጨርሶ ይቀራል ወይም ተጎርዶ ይመጣል። ስህተቱ ድንገት የሚሆን ነው፣ በእናትም በአባትም ስንፍና አይመጣም። ከሚወለዱ ከ2,000 እስከ 2,500 ሴት ልጆች አንዷን ያጋጥማታል። ተርነር ሲንድረም ይባላል። ሄንሪ ተርነር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1938 እ.ኤ.አ. ሰባት ታካሚዎቹን ገልጾ ስለጻፈ ነው በስሙ የተጠራው። ነገሩ የክሮሞዞም መሆኑ የታወቀው ግን በ1959 እ.ኤ.አ. ነው።

ስለ ቁመቱ ብዙ ተብሏል። ዛሬ የማወራው በዓይን ስለማይታየው ነው፦ ስለ ስኳር፣ ስለ ሆድ ስብ፣ ስለ ጉበት።

(ምስል፦ የቆሽት ሥዕል፤ ኢንሱሊን ወደ ደም ሲገባ)

ምግብ ስንበላ ስኳር ደም ውስጥ ይገባል። ቆሽት ኢንሱሊን ይለቃል፤ ኢንሱሊኑ ስኳሩን ወደ ጡንቻና ወደ ጉበት ያስገባዋል። ተርነር ያለባት ሴት ላይ ችግሩ ከሁለት ወገን ይመጣል። ቆሽቷ ምግቡ ሲደርስ ቶሎ የሚለቀው ኢንሱሊን ያንሳል። በዚያ ላይ ጡንቻዋ አነስ፣ የሆድ ስቧ በዛ ይላል፤ ስኳሩ መግቢያ ያጣል። በዚህ የተነሳ ዓይነት ሁለት የስኳር በሽታ ከሌሎች ሴቶች አራት እጥፍ ገደማ ያገኛታል፤ ያውም ገና በወጣትነቷ። ጉበቷም በደም ምርመራ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ የደም ግፊትም ይከተላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ጠዋት ሳትበላ የተለካ ስኳር ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከፍ የሚለው ከበላች በኋላ ነውና። ስለዚህ «ጾሜ ተለካሁ፣ 90 ነው፣ ደህና ነኝ» ብሎ መቅረት አይበቃም። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየውን የደም ምርመራ ጠይቁ። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ድጋሚ ታይቶ ይረጋገጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ይህንንና የጉበት ምርመራውን ከ10 ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ እንዲሠራላት መክሯል። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ደግሞ ገና በልጅነቷ ይጀምራል፤ ታይሮይድ ሲደክም ሰውነት ይከብዳል፣ ስብ ይከማቻል፣ ሰውም «ሰነፈች» ይላታል።

(ምስል፦ የጤፍ፣ የማሽላና የገብስ ክምር በገበያ)

እኔ ወሎዬ ነኝና ገበታው ላይ ትንሽ ልቆይ። ተርነር ያለባቸው ልጆች ሴሊያክ የሚባለው የአንጀት በሽታ ከሌላው ይበዛባቸዋል። በሽታው ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን ሲገባ አንጀት የሚቆስልበት ነው። ጤፍና ማሽላ ግሉተን የላቸውም። የቆቦና የቃሉ ሰው በማሽላ እንጀራው አብሽር፤ ደላንታና ጉጉፍቱ ግን ገብስ የሚበላበት ደጋ ነው። በሶውም፣ ቆሎውም፣ ጠላውም ከገብስ ነው። ቀሪቦ ደግሞ የተቆላ ገብስና ስኳር ስለሆነ በሁለት በኩል ይነካታል። ሴሊያክ እንዳለባት በምርመራ ሳይታወቅ ገብስ አትከልክሏት። ከታወቀ ግን የጤፍ ዱቄቱ ስንዴ ወይም ገብስ እንዳልተደባለቀበት ማየት ነው፤ የሚሻለው እህሉን ራሳችሁ ገዝታችሁ ማስፈጨት ነው።

የቡናው ነገር አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ በየስኒው ሁለት ማንኪያ ስኳር ከሆነ በአንድ ምንጣፍ ስድስት ማንኪያ ነው። ቡናው አልበደለም።

እንቅስቃሴ ይረዳል፤ የደሴ ዳገት ራሱ ስፖርት ነው። ነገር ግን አንዳንዶቹ ልጆች ላይ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ጠባብ ወይም ከልክ በላይ የሰፋ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከማሸከም በፊት ልቧ በአልትራሳውንድ ይታይ። ይህንን ቀላል አድርጋችሁ አትለፉት።

የሆርሞኑ መድኃኒትም የሚጠቅመው ለወር አበባ ብቻ አይደለም። ኢስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ከ11 ወይም ከ12 ዓመት ገደማ በትንሹ ይጀመርና ቀስ እያለ ይጨመራል። አጥንትን ይጠብቃል፣ ለደም ሥርም ይጠቅማል። ቤተሰብ ግን «የወር አበባዋ መጣ፣ ይበቃል» ብሎ ያቋርጠዋል። መቀጠል ያለበት ሌሎች ሴቶች የወር አበባ እስከሚቆምባቸው ዕድሜ ድረስ ነው፤ የሚያቆመው ሐኪሟ ነው።

(ምስል፦ የክር ጥቅልል፣ መቀስ፣ የእናትና የልጅ እጅ)

አሁን ክር አምጡ። ሚዛን ለአጭር ሰው ጥሩ ዳኛ አይደለም፤ ኪሎዋ ትንሽ ሆኖ ሆዷ ስብ ሊይዝ ይችላል። ልጅቷ ጫማ አውልቃ ግድግዳ ትደገፍ። ክሩን ከተረከዟ እስከ ራሷ አናት ለክታችሁ ቁረጡት። ለሁለት እጠፉት። የታጠፈውን፣ ትንፋሿን አውጥታ ሳትስብ፣ በእምብርቷ ዙሪያ አዙሩት። ጫፎቹ ከተገናኙ ደህና ነው። ቁመቷ 138 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ወገቧ ከ69 ማለፍ የለበትም ማለት ነው። ካልተገናኙ አትቆጧት፣ አታሳፍሯት፤ ለሐኪሟ ንገሩ፣ የስኳሩ ምርመራም ቀጠሮ እስኪደርስ አይጠበቅ።

እያደገች ላለች ልጅ በየጊዜው አዲስ ክር ይቆረጥ። የዓምናውን አስቀምጣችሁ እንዳትለኩበት።