ከአንድ ሣጥን የወጡ ሁለት ነገሮች

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የእድር ነገር ሲነሣ ቶሎ እንደማልለቅ ታውቃላችሁ፤ የዛሬው ግን የእኛ ሳይሆን የጣሊያኖቹ ነው።

እማማ፣ እኚያ የምታውቋቸው የጣሊያን ዘር የሆኑት የፊላደልፊያ ጎረቤቴ፣ የአያታቸውን ሣጥን ከፍተው መጀመሪያ የመረዳጃ ማኅበር የደረት ምልክት አሳዩኝ። አንዱ ፊቱ በባንዲራ ቀለም ያሸበረቀ ነው፤ ሲገለበጥ ግን ጥቁር ሐር ላይ በብርማ ፊደል ተጽፎበታል። አባላቱ ለበዓል ቀለሙን፣ ለቀብር ጥቁሩን ወደ ውጭ አድርገው ይለብሱት ነበር። የጥቁሩ ጠርዝ ሳስቷል፤ ብዙ ሰው የሸኘ መሆኑ ያስታውቃል። ቀጥለው የብረት ቀለበት አወጡ። «አያቴ ወርቁን ለጦርነቱ ሰጥታ የተቀበለችው ነው» አሉኝ። የትኛው ጦርነት እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ «የእናንተው» አሉ። እኔም ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ እስካሁን አልለቀቀኝም። ምልክቱን ሳየው ሆዴ ባብቶ ነበር፤ ለሠራተኛ የጉዳት ካሳ ባልነበረበት ዘመን፣ የአንድ መንደር ልጆች በየወሩ አዋጥተው የታመመውን ይደጉሙ፣ የሞተውን ይቀብሩ ነበር። ሐኪሙ ቪንቼንሶ ሴላሮ እ.ኤ.አ. በ1905 ኒውዮርክ ላይ «የጣሊያን ልጆች» የተባለውን ትልቅ ማኅበር ሲመሠርቱም ዓላማው ይኸው መረዳዳት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት አልወድደውም?

ነገር ግን ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት ጊዜ፣ በዲሴምበር 1935፣ ኒውዮርክ ውስጥ በማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በተጠራው ታላቅ ስብሰባ፣ የጋዜጣ ባለቤቱ ጄኔሮሶ ፖፕ ለጣሊያን ቀይ መስቀል የ100,000 ዶላር ቼክ አስረከበ፤ ሴቶቹም የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ሰጡ። ለቀይ መስቀል ነው፣ ለቁስለኛ ነው ብዬ ራሴን ላጽናና ስል ደግሞ፣ በዚያው ወር 30ኛው ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች በደቡብ ኢትዮጵያ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ቀይ መስቀልን የመስክ ሆስፒታል መደብደባቸው ትዝ ይለኛል። ያን ጊዜ ቁጣዬ ይነሣል፤ የሴትዮዋ የወርቅ ቀለበት የማንን ቦምብ እንደገዛ እያሰብኩ አድራለሁ።

ቢሆንም አያትየዋን መፍረድ አልቻልኩም። ባሏን የቀበረላት ማኅበር፣ ልጆቿ በታመሙ ጊዜ ደጇን ያልረሳው ማኅበር፣ ቀለበትሽን አምጪ ሲላት እምቢ ብላ ከማን ጋር ልትኖር ነው? እድርተኛ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በእርግጥ እምቢ ያሉም ነበሩ፤ በ1925 «የጣሊያን ልጆች» ማኅበር የኒውዮርክ ቅርንጫፍ በፋሺዝም ጉዳይ ተጣልቶ ከዋናው ማኅበር ተለይቷል። እነዚያም ቀባሪ ያስፈልጋቸው ነበር። ታዲያ እርሷ ለምን አልቻለችም ልበል፣ ወይስ ማንም አልነገራትም ልበል… እማማን መጠየቅ ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ምን ብዬ?